ለጌታሁን ያልተነፋው ጡሩምባ

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ማለዳ የደጄን ውኃ መውረጃ ስጠርግ፣ አንዲት ባጃጅ ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ አስራ በሰፈራችን አለፈች። አንድ ሰው ማረፉን፣ ቀብሩ በስድስት ሰዓት መሆኑን፣ የእድሩ አባላት ቀድመው እንዲገኙ ትናገራለች። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ግማሹ ተሰማኝ፣ ግማሹን የሞተሩ ጩኸት በላው። የሟቹን ስም ሳልለየው ጥጉን ታጥፋ ሄደች። መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቼ ርቀው ስለሚኖሩ እንዲህ ያለ ነገር በሰማሁ ቁጥር ስልኬን አነሣለሁ። ለትልቋ ደወልሁ፣ ደህና ናት። ለትንሿም ደወልሁ፤ «እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ትዝ ያለኝ። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እሱ በነበረበት ዘመን በዚህ ሰፈር የሟች ስም ሳይለይ ቀርቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ እድራችን ሞት የሚያስነግረው በጡሩምባ ነው፤ የሚነፋውም እሱ ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ ያን የወታደር ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል። ከካፖርቱ አዝራሮች ሦስቱ የራሱ ናቸው፤ ሁለቱን እኔ ከአሮጌ ሹራብ ፈትቼ የተከልሁለት ናቸው። በሦስት ቦታ ይቆማል። መጀመሪያ ሐጂ ሱቅ ጥግ፣ ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ወይራው ሥር፣ መጨረሻ ወደ ምንጩ ከሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ይነፋል። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይቸኩል ይናገርና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ይጨርሳል። ጡሩምባ መንፋት የተማረው በሠራዊቱ ውስጥ ነው። «እዚያ ሰው ለመቀስቀስ ነበር የምነፋው፤ እዚህ የማይነቃ ሰው ሰጣችሁኝ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር።

ሰው ሁሉ አንቱ ነው የሚለው። እኔም ካደግን በኋላ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን የምጽፈው በእኛ ግቢ ስላደገው ደምሴ ነው፤ እሳቸው ብዬ ብጀምር የማላውቀው ሰው ሆነብኝና ተውሁት። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ያጎደልሁት ካለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ደምሴ እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ከእኛ አጥር ወዲያ ከአክስቱ ጋር ይኖር ነበር፤ ምሳውን የሚበላው ግን ከእኛ መሶብ ነው። ወንድሜን ጌታሁንን በሦስት ዓመት ይበልጠዋል። ያን ጊዜ በገበያ ቀን ከጉና የሚወርደው ድንችና ገብስ አደባባዩን ይሞላው ነበር። አንድ ቁና ድንች በስሙኒ ይገዛል፤ ሻጯ መርቃ ሁለት ፍሬ ትጨምርልሻለች። ዛሬ ድንቹ በኪሎ ሆኖ፣ ምርቃቱም ቀርቶ፣ ሻጯ ሚዛኑን እንጂ ፊትሽን አታይም። ከሐጂ ሱቅ አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ ያስቀምጥና ዘፈን ሲመጣ የስፌት መኪናውን በዘፈኑ ምት ይረግጣል፣ ዜና ሲመጣ ይዘጋዋል። ጌታሁንና ደምሴ እግሩ የሰፋ ካኪ ሱሪ ያሰፉት እዚያ ነው። ኮንጎ ጫማ አድርገው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ከሱቁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሲመላለሱ እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሻችንን እያስተካከልን ያላየን እንመስል ነበር። ጌታሁን ዘፈን ይወድዳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ደምሴም «አንተ ስትዘፍን የሰው በቅሎ ትደነብራለች» ይለው ነበር። ያ ልብስ ሰፊ የነበረበት ቦታ አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ግን እግሬ ይዘገያል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሁለቱም ወታደር ሆነው ሊሄዱ ነው ተባለ። ወደው ይሁን ተገደው ዛሬም አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ሁለቱ ነገር አይለይም ነበር። የጭነት መኪናው ከአደባባዩ ሊነሣ ሲል እማዬ በከረጢት የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ለጌታሁን ሰጠችና ወደ ደምሴ ዞራ ትከሻውን ያዘችው።

«ደምሴ፣ ታላቁ አንተ ነህ። ልጄን አደራ።»

«እማማ ጥሩ፣ እኔ ካለሁ እሱም አለ» አላት።

ከመኪናው ላይ ጌታሁን እየዘፈነ ሄደ። ሰው ሳቀ፤ እማዬም እያለቀሰች ሳቀች። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ደብዳቤ ይመጣ ነበር። የማነብላት እኔ ነኝ፤ «ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ» የምትለውን መስመር ደግሜ ደግሜ እንዳነብላት ታደርገኛለች። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። ከዚያም ጦሩ ተበተነ ተባለና ወታደሮች በየመንገዱ በእግራቸው ይመጡ ጀመር። ሰው ከየደጁ እንጀራ ያቀብላቸዋል። እማዬ ማለዳ ማለዳ መንገድ ዳር እየቆመች የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። ጉና ጭጋግ በለበሰ ቀን ቤት ትውልና እንዝርቷን እያሾረች ለራሷ ታንጎራጉራለች።

«ጉና ላይ ደመና ወረደ ይሉኛል፣
ልጄ ያለበትስ እንዴት ይታየኛል።»

ደምሴ የመጣው በገበያ ቀን ነው። በጎንደር በኩል ዞሮ፣ ይፋግ ላይ ሰው ቤት አስጠግተውት እግሩ እስኪሻለው ሰንብቶ ነበር። እኔ ብቅልና ጌሾ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ ድርስ እርጉዝ ነኝ። ቀና ስል አጠገቤ ቆሟል። በርባሶ ተጫምቷል፣ ካፖርቱ ከጉልበቱ በታች ተተልትሏል፣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ እማዬ ጠየቀኝ፣ አባቴ መሞቱን ስነግረው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ለማስመሰል እየሞከረ፣

«ይታይሽ፣ የጌታሁን የክርስትና ስም ማን ነበር?» አለኝ።

ቁናውን አስቀመጥሁ። ርቆ ያለ ሰው የክርስትና ስም የሚፈለገው ለምን እንደሆነ አገሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እሱ ሊነግረኝ አልመጣም ነበር፤ ለነፍሰ ጡር መርዶ እንደማይነገር ያውቃል። ስሙን ብቻ ይዞ ሊሄድ ነበር። እኔ ነኝ ክንዱን ይዤ ያናገርሁት። ጌታሁን ሆዱን ተመትቶ ነበር። ደምሴ ሁለት ቀን በጀርባው ተሸከመው። ሁለተኛው ቀን ሲነጋጋ አረፈ። አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። ቄሱ ሊፈቱት የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ግን አላወቀም። «በማን ስም እንበል?» አሉት። በእግሩ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ያሰበው ይህን ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እኔም «ወልደ ሚካኤል» አልሁት። ከዚያ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤

«አያ ደምሴ፣ በማርያም፣ ለእማዬ አይነገራት። አባቴን ቀብራ ገና ዓመት አልሞላትም። እስክወልድ ድረስ።»

ጥቂት አሰበና «እስክትወልጂ» አለ።

ወለድሁ። ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና እስክትነሣ ጠበቅን። ከዚያ ጾም ገባ፤ በጾም በከሳ ሰውነቷ አትችለውም አልሁ። ከዚያ ክረምት ሆነ፣ ለለቅሶተኛ መንገዱ ጭቃ ነው። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ሠርግ መጣ፤ ሠርግ ባለበት ቤት መርዶ አይገባም። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር። መርዶ ግን እንደ ሊጥ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍበት ይኮመጥጥና የሚነካው አይገኝም። ዓመት ሲሞላ «እስከዛሬ ለምን ደበቃችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከመርዶው ይልቅ ፈራሁት።

እማዬ የደምሴን መምጣት የሰማችው በዚያው በገበያው ቀን ነው። ነጠላዋን ሳታጣፋ ሮጣ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ደምሴ ከአክስቱ በር ቆሞ፣ እኔን እያየ፣ «ስንበተን ተለያየን፣ እማማ። ምናልባት ድንበር ተሻግሮ ይሆናል» አላት።

«እኔ ካለሁ አለ አላልከኝም? ይኸው አንተ አለህ። እሱ የታል?»

እሱ ወደ ቤት ገባ። እኔም እማዬን ክንዷን ይዤ መለስኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ በገበያ፣ በማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አደራዬን ጥሎ መጣ እያለች ለአገሩ ሁሉ ተናገረች። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናት መጀመሪያ «አደራ በላ» ያለችው። በእኛ አገር ሌባ መባል ይሻላል፤ ሌባ የበላውን ሊመልስ ይችላል። ስሙ ተጣበቀበት። ከወደ ወንዛዬ አንዲት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የተመለሱት በአንድ ቃል ነው፤ አደራ ለሚበላ ሰው ልጅ አይሰጥም። ያን ቀን እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። የፈለጠው የእማዬን እንጨት ነው።

ብዙ ነገር ለሰፈሩ ሠርቷል። ምንጩን ያኔ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ በክረምት እንስራ ይዘን ጭቃው እስከ ጉልበታችን ይውጠን ነበር። ደምሴ አንድ በጋ ሙሉ ድንጋይ እየተሸከመ ዙሪያውን ካበ፣ መውረጃ ደረጃ ሠራ። የድሮው ጡሩምባ ነፊ ሲያረጅ ጡሩምባውን ተረከበ። ድንኳን ሲተከል ካስማውን የሚመታ፣ ሲነቀል አጥፎ የሚሸከም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቃሬዛ ነው የሚታየኝ። ከጉና ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች የታመመ ሰው ወይም ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ ካየ፣ የያዘውን ጥሎ ይሮጥና የደከመውን ሰው ተክቶ አንዱን ጫፍ ይይዛል። እያነከሰ ከሆስፒታሉ በር ሳይደርስ አይለቅም። «ሃምሳ አለቃ፣ እግርዎን አያምዎትም ወይ?» ሲሉት «ሕመሙ ሲቆም ነው የሚጠናብኝ» ይላል። ሰዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ማንን ተሸክሞ እንደሚሄድ አውቅ ነበር።

እማዬ እንጨቷን ያስፈልጠዋል፣ ጣራዋን ያስጠግነዋል፤ ቤቷ ግን እህል አይቀምስም። «እጁ ከመሶቤ አይገባም» ብላ ምላለች። ያ ያደገበት መሶብ ነው። ቡሄ ሲመጣ የጌታሁንን ሙልሙል ለብቻ ትጋግርና ሦስት ቀን ታስቀምጠዋለች፤ ሲደርቅ ፈርፍራ ለወፎች ትሰጣለች። ደምሴ በደጅ ሲያልፍ ሽታው እየሸተተው «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ እሷ አትመልስም። ጓደኞቿ ሁሉ ሲመነኩሱ «ልጄን ሳልድር ቆብ አልደፋም» አለች። ቆብ ሳትደፋ ሞተች። ሞቷን ያስነገረው ደምሴ ነው። ሦስቱም ቦታ ላይ «የጌታሁንና የይታይሽ እናት» ብሎ ስሙን አስቀድሞ ጠራ። እትዬ ብርቄ ይህን ስትሰማ «ስሙን ለመጥራት እንኳ አያፍርም» አለች፤ አጠገቧ ነበርሁ።

የእማዬ አርባ ካለፈ በኋላ ምንጩ ዳር አገኘሁትና አሁን ልናገር ነው አልሁት። የሚያስተካክለውን ድንጋይ ሳይለቅ፣

«እታለም፣ አሁን ብትናገሪ ሰው የሚበላው አንቺን ነው። ልጆችሽን አሳድጊ። በሕይወት እስካለሁ እችለዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ከሞትሁ በኋላ ግን እንዳትተዪኝ። አፈር ውስጥ ሆኜ አልችለውም» አለኝ።

በዚያ ሁሉ ዘመን የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

አምና ቡሄ ባለፈ በሳምንቱ ሞተ። ለእግሩ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብቶ ሲመለስ ዝናብ መታው፤ ትኩሳቱ አራት ቀን አልቆየም። ጡሩምባውን የሚነፋ ስለሌለ እድሩ ባጃጅ ተከራየ፤ ባጃጁ የተጀመረው ያን ቀን ነው። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። አገራቸውን በውትድርና ያገለገሉ፣ እድሩን በታማኝነት ያገለገሉ፣ ምንጩን ያለሙ ተባለ። «ትዳር አልመሠረቱም» ተባለ። ስለ ጌታሁን አንድ ቃል የለም። ከኋላዬ እትዬ ብርቄ በቀስታ «ሁሉም መልካም ነው፣ አደራ ባይበላ ኖሮ» አለች። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምሁ። ሁለት እርምጃ ነበር ወደፊት መውጣት የነበረብኝ፤ አልወጣሁም። በአርባው እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ማልሁ። በአርባው ሳምንት የትንሿ ልጄ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሆነ፤ ደግሞ አንድ ምክንያት። በዚያ ተዝካር ላይ የደብሩ ቄስ ጠርተው «ሃምሳ አለቃ በየዓመቱ ለቅዳሴ ስም ይሰጡን ነበር፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል። ከእንግዲህ ማን ይሰጠናል?» ሲሉኝ «እኔ እሰጣለሁ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እኔ እህቱ ለነፍሱ ያላደረግሁትን እሱ አንድም ዓመት አላጓደለም።

እንግዲህ ያች ባጃጅ ካለፈች በኋላ መጥረጊያዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ የእድራችን ዳኛ ወደሆኑት ወደ ጋሽ አያሌው ቤት ሄድሁ። ለደምሴ ሙት ዓመት መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሊያቆሙ ስለነበር ምን እንደሚጻፍበት ሊጠይቁኝ ፈልገው ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የገበያውን ቀን፣ የደረደርሁትን ምክንያት፣ ሙልሙሉን፣ ምንጩ ዳር ያለኝን። ጋሽ አያሌው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ።

«ስሙ ለእድሩ ዳኝነት ሲነሣ እጄን ያላወጣሁለት አደራ በላ ስለተባለ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ግን ከእኔ ጋር ድንኳን ሲተክል አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም።»

ድንጋዩ ላይ ይጻፍ ብዬ ለመንኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንጋይ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፣ አደራ በላ ያለው ግን አገር ነው አሉ። መርዶው በወጉ መነገር አለበት።

«ለማን ይነገራል፣ ጋሽ አያሌው? እኔ አውቀዋለሁ።»

«ለአንቺ ነዋ። ማወቅ ሌላ ነው፣ መርዶ ሌላ ነው።»

ባለፈው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጡ። እንደሚመጡ ስለማውቅ ቤቱን ጠርጌ፣ ወንበሮቹን ደርድሬ፣ ጥቁሬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ተዘጋጅቶ መርዶ የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ ብዬ በራሴ አፈርሁ። አምስት ሆነው ገቡ፣ የንስሐ አባቴም አብረው አሉ። እንደ ወጉ ማንም ሰላም ሳይለኝ ተቀመጡ። ጋሽ አያሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይታይሽ፣ ወንድምሽ ጌታሁን አርፏል። ሁለት ቀን ተሸክሞ፣ በእጁ ቆፍሮ የቀበረው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነው። አደራውን አልበላም።»

አላለቅስም ብዬ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የማውቀው ነገር ነው። ግን ከሆዴ የወጣውን ድምፅ እኔ ራሴ አላወቅሁትም፤ የእማዬ ድምፅ ነው። ጉና ላይ ደመና ወረደ ይሉኛል እያልሁ ወደቅሁ። ለወንድሜ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ አያሌው ባጃጇን ሦስቱም ቦታ ላይ ሞተሯን አስጠፍተው ራሳቸው ተናገሩ። የሐጂ ሱቁ ጥግ ላይ ያሉት ከቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር፦ የእመት ጥሩ ልጅ፣ የይታይሽ ወንድም ጌታሁን አርፏል፤ አደራውን ጠብቆ የቀበረው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ወይራው ሥር ደገሙት። ወደ ምንጩ በሚወርደው አፋፍ ላይ ሲናገሩ እትዬ ብርቄ ጀሪካኗን ይዛ ደረጃውን እየወጣች እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ጀሪካኑን እዚያው ጥላ መጣች። አሁን አርጅታለች፤ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅናት።

«ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላት። መጥታ አጠገቤ መደብ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከየቤታቸው ያመጡትን እህል የእማዬ መሶብ ውስጥ አድርገው ፊታችን አቀረቡ። ማንም እጁን ሳይሰድድ እትዬ ብርቄ ከላይኛው እንጀራ ዳር ቆረሰች። ወደ አፏ አልወሰደችውም። በሩ በኩል ባለው የመሶቡ ጠርዝ ላይ ለብቻው አኖረችው።

«ይኼ የደምሴ ነው» አለች።